ዘፈኑ በር ነበረው

ማስረጃ የያዘ ሰው እንቅልፍ የለውም። ማስረጃ የሌለው ያወራል፣ ይበላል፣ ጋደም ሲል ያንኮራፋል። ማስረጃ ያለው ግን አይጥ ባለፈ ቁጥር ይነሳል። እኔ ካምፓላ ከገባሁ ጀምሮ አንዲት ካሴት ስጠብቅ ነው የኖርኩት። በሦስት ፌስታል ጠቅልዬ፣ በብስኩት ጣሳ ከትቼ፣ ጣሳውን ከስፌት መኪናዬ ጀርባ ደብቄ። የምኖርበት ናሙዎንጎ ዝናብ ሲጠና ቦዩ ሞልቶ ቤት ይገባል። ያኔ ጎረቤቶቼ ልጆቻቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ እኔ ጣሳዬን። አንድ ጊዜ የጎረቤቴ ባል «ወርቅ ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ወርቅ ቢሆን ሸጬው ነበር» አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደግሞ ከአይጡ ሌላ እሱንም መጠበቅ ጀመርኩ።

ካሴቷ ውስጥ ያለው የገና ዘፈን ነው። ታውቁታላችሁ። ታኅሣሥ ሲጋመስ ኢትዮጵያዊ ባለበት ሁሉ ይከፈታል። ከበሮው ሦስት ጊዜ ድም፣ ድም፣ ድም ይላል። ቀጥሎ የባላንጣዬ የመርዕድ ጊታር ጅራቱን እንደረገጡት ድመት ይጮኻል። ከዚያ፦

«መስኮቱን ክፈቱልኝ፣ ብርዱ በረታ፣
እጄ ሙሉ ነው፣ ይዣለሁ ደስታ።»

እዚህ ስትደርሱ አብራችሁ ትዘፍናላችሁ። ሁሉም ይዘፍናል። በሮክ ባንድ የተሠራ መሆኑን እንኳ የረሱት ብዙ ናቸው፤ አንዲት ጎረቤቴ መዝሙር መስሏት ነጠላዋን አስተካክላ ስትቆም አይቻለሁ።

ስለ መስኮቱ የተሰጠው ትርጉም ብቻ አንድ መጽሐፍ ይወጣዋል። አንድ ቄስ «መስኮት ማለት ልቡና ነው» ብለው ሲያስተምሩ ሰምቻለሁ። አንድ ወጣት ሰባኪ ደግሞ የኖኅ መርከብ መስኮት ነው አለ። እጄ ሙሉ ነው የሚለውን የሰብአ ሰገል ስጦታ ነው አሉት። እኔ የኮሮና ጭምብሌን አፍንጫዬ ድረስ ስቤ አፌን እሸፍናለሁ። ምክንያቱም እውነቱን አውቃለሁ፦ መስኮቱ የሳንሱር ሥራ ነው። ዘፈኑ በር ነበረው።

ከሥሩ ልጀምር። አዲስ አበባ፣ እኔም ወገብ በነበረኝ ዘመን፣ አራት ጎፈሬያም ወጣቶች ባንድ አቋቋሙ። ሦስቱ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ነፍስ ይማር። እነሱን አልወቅስም፤ የሞተ ሰው መልስ አይሰጥምና ጠቡ አይጥምም። አራተኛው መርዕድ ነው። እኔ አምስተኛ ነበርኩ፤ ግን አምስተኛ ተብዬ አላውቅም፤ «ልጅቷ» ነበር የምባለው። የምንለማመደው እኛ ቤት፣ ጓሮ ባለው ክፍል ውስጥ ነው። ጎረቤት እንዳይጮህብን በሩን ከውስጥ በመወርወሪያ እንዘጋለን። አራት ወንበር ነበረ፤ አራቱም የወንዶቹ ነው። አንድ ቀን እንኳ «ተቀመጪ» ያለኝ የለም። ያን ሁሉ ዘፈን የዘፈንኩት በሩን ተደግፌ ቆሜ ነው። ይህንን አስታውሱልኝ፤ ከወንበሩ በደል ጋር አብራችሁ ያዙልኝ።

የምንጫወትበት ሆቴል ሥራ አስኪያጅ ለፈረንጅ ገና አዲስ ዘፈን አምጡ ብሎ አስጨነቀን። ወሩ ደግሞ የነቢያት ጾም ነው። የፈረንጆቹ ገና እኛ ገና ሽሮ ላይ ሳለን ነው የሚመጣው፤ በባዶ ሆድ ስለ ደስታ ዘፈን መጻፍ ደግሞ ከባድ ነው። ለሁለት ሳምንት ያህል መርዕድ ስለ በረዶ ሊጽፍ ሞከረ። በረዶ አይቶ አያውቅም። አንድ ቀን በልምምድ መሃል፣ ከየት እንደመጣ ሳላውቀው፣ ቃሉ አፌ ላይ መጣ፦ «በሩን ክፈቱልኝ፣ ብርዱ በረታ፣ እጄ ሙሉ ነው።» ደስታዋን ቤት እንድትመታ ጨመርኩባት። ከበሮ መቺው ሦስት ጊዜ መታ። እዚያው ቀዳናት፤ ከመጀመሬ በፊት «ይህ የኔ ዘፈን ነው፤ በሩን ክፈቱልኝ ይባላል» ብዬ ተናግሬ። ማስረጃዬ ይህቺ ናት።

ከዚያ ወደ ሳንሱር ሄድን። ባለሥልጣኑ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበበው።

«የትኛው በር ነው?»

«የበረቱ ነው፤ የማርያምና የዮሴፍ» አልኩ።

«ማን ነው የዘጋው?»

እኔ ማርያምን ልከላከል አፌን ስከፍት መርዕድ ቀደመኝ፦ «ጌታዬ፣ መስኮት ብንለውስ?»

ሰውየው አሰበ። በመስኮት በኩል የሚመጣ አደጋ ያለ አልመሰለውም። ማኅተሙን መታ። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ መርዕድን አላመንኩትም። ሰው እንዴት እንዲህ በአንድ ትንፋሽ በርን በመስኮት ይለውጣል? አስቦበት የመጣ ይመስል ነበር።

ካሴቱ ሲታተም ሽፋኑ ላይ «ግጥምና ዜማ፦ መርዕድ» ይላል።

«የኔስ ስም?» አልኩት።

«ቦታ አልበቃም።»

«ለማተሚያ ቤቱ አድራሻ ግን በቅቷል።»

«አንቺ ደግሞ ነገር ትወጃለሽ» አለኝ። እውነት ነው፤ ግን ነገሩን ማን ሰጠኝ?

ዓመታት አለፉ፣ አገር ለቀቅኩ፣ ካምፓላ ገባሁ፣ ልብስ መስፋት ያዝኩ። ለእናቴ ደውዬ «መሳቢያው ውስጥ ሰማያዊ ወረቀት የተለጠፈባት ካሴት አለች፤ ላኪልኝ» አልኳት። በመንገደኛ ላከችልኝ። ከላይ ማንም እንዳይቀዳባት ብዬ ጥርሶቿን ሰብሬ የከፈትኳቸው ሁለት ቀዳዳዎች በፕላስተር ተሸፍነዋል። እናቴ ቀዳዳ ነገር አትወድም ነበር፤ ወንፊት እንኳ ቢሆን ልትጥፈው የምትነሳ ሴት ናት። አቧራ እንዳይገባ ያደረገችው መስሎኝ አመሰገንኳት። ካሴቷን ግን አላጫወትኳትም። ከዚህ በፊት አንድ ቴፕ ጎርሷት ያውቃል። ማስረጃ አይነካም።

እናቴ በስልክ፣ «ካሴቷ ደረሰችሽ?» አለችኝ።

«ደረሰችኝ።»

«ሰማሻት?»

«ሰማኋት» አልኩ። ምን ልበል? ይህን ያህል ለፍታ ልካ!

«እና?»

«እና… ያው ነው እንግዲህ።»

የስልክ ቤቱ ሰዓት ይቆጥር ነበርና ተሰናበትኳት። ከሁለት ዓመት በኋላ ዐረፈች።

ዓለም ሰፊ ናት ይላሉ። ውሸት ነው። መርዕድ ከዚህ ሁሉ አገር መርጦ ካምፓላ መጣ፤ ካባላጋላ ላይ ምግብ ቤት ከፈተ፤ «ጋሽ መርዕድ» ተባለ። በየገናው ግቢው ውስጥ ሰው ሰብስቦ የዘፈኑን ታሪክ ያወራል። በመጀመሪያው ዓመት ዘፈኑ አውቶቡስ ውስጥ ነው የመጣለት። በሁለተኛው ላሊበላ ደረሰ። በሦስተኛው አንድ መናኝ ሌሊት መጥቶ ሦስት ጊዜ አንኳኳበት። እኔ ጥግ ይዤ እሰማለሁ። መናኙ በየዓመቱ ያድጋል፤ ክንፍ ሊያበቅል ምንም አልቀረውም።

የ2014ቱ ገና ሲቃረብ ለመዘምራኑ የሰፋሁትን ጭምብል ላስረክብ ግቢው ሄድኩ። መርዕድ ከበዓሉ ኮሚቴ ጋር ተቀምጧል።

«ዘንድሮ ታሪኩ በቪዲዮ ይቀረጻል» ይላል፤ «ዩቲዩብ ላይ ይወጣል። ዓለም ይስማው።»

«የትኛው ታሪክ?» አልኩ ጭምብሉን እየቆጠርኩ። «የመናኙ ነው የአውቶቡሱ?»

ኮሚቴው ሳቀ። መርዕድ አልሳቀም።

«ስንት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር! ካለሽ አምጪ!»

«አለኝ።»

«ምን አለሽ?»

«ማስረጃ። ካሴት። ድምፄ ያለበት።»

ምላሴን መንከስ የነበረብኝ እዚህ ላይ ነው፤ ግን ጥርሴም እንደ ድሮው አይደለም። መርዕድ ትንሽ አየኝና «ጥሩ፤ ከምሳ በኋላ መድረኩ ያንቺ ነው» አለ። የኮሚቴዋ ጸሐፊ ወዲያው መዘገበችው። ወጥቼ ቦዳ፣ ማለትም የሞተር ታክሲ፣ ላይ ስወጣ ቀሚሴ መርገጫው ላይ ተያዘ። ሹፌሩ «ቀስ ጃጃ» አለኝ። ጃጃ ማለት አያት ነው። ያን ቀን ለማረም አቅም አልነበረኝም።

ለገና አራት ቀን ቀረው፤ ቴፕ የለኝም። ስልክ ያለው ሰው ሞልቷል፤ ካሴት የሚጎርስ ግን በዚህ ዘመን ማን አለው? አንድ አሮጌ ታክሲ ውስጥ የካሴት መክተቻ አየሁና ልቤ ዘለለ፤ ረዳቱ ግን ሳንቲም ያጠራቅምበታል። በመጨረሻ ካትዌ ሄድኩ። ካትዌ ብረት የሚቀጠቀጥበት፣ የሞተ ዕቃ የሚነሳበት ሰፈር ነው። አንድ ራዲዮ ጠጋኝ አሳዩኝ፤ መንታ የወለደ አባት እዚህ ሳሎንጎ ይባላልና እሱንም ሳሎንጎ ይሉታል። በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ ተጋግዘን ተነጋገርን። ከመደርደሪያ አንድ ትልቅ ቴፕ አወረደ። ውስጡ የሚያሽከረክረው ላስቲክ በስብሷል። ከብስክሌት ጎማ ውስጠኛው ላስቲክ በመቀስ ቆርጦ ገጠመለትና የራሱን የመዝሙር ካሴት ከተተ። መዝሙሩ ሁለት መስመር ሄደ፤ ከዚያ ቴፑ ክሩን ጎረሰው። ሳሎንጎ በእርሳስ እየጠቀለለ አወጣና «ጎበዝ ነው፤ ረሃብ ነው ያለበት» አለኝ።

እኔ ጣሳዬን ደረቴ ላይ አጣብቄያለሁ።

«ያንቺን ስጪኝ፤ እንሞክረው።»

«አይሆንም።»

«ሳይሞከር?»

«ሳይሞከር። በቀኑ አንድ ጊዜ ብቻ።»

«ማማ፣ ውስጡ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ?»

«ከኔ በላይ ማን ያውቃል?» አልኩት። ይህችን አባባል ዛሬ ሳስባት ጆሮዬ ይሞቃል።

ሳሎንጎ ቴፑ ያለ እሱ ከሱቅ አይወጣም አለ። ስለዚህ የገና ዕለት ሦስት ሆነን በአንድ ቦዳ ሄድን፦ ሹፌሩ፣ እኔ በመሃል፣ ሳሎንጎ ቴፑን እንደ ሕፃን ታቅፎ ከኋላ። ጣሳው እኔ ጭን ላይ ነው። በየጉብታው ላይ «ወይ ማርያም» እላለሁ፤ ሳሎንጎ ደግሞ «አሜን» ይላል።

በዚያ ጊዜ የኮሮናው የሰዓት እላፊ ገና አልተነሳም ነበር፤ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በፊት ሰው ሁሉ ቤቱ መግባት አለበት፤ ቦዳዎቹ ደግሞ ከዚያ ቀድመው ይቆማሉ። ምሳው ዘገየ። ዶሮው ለሁሉም ሳይዳረስ ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። ሳሎንጎ ዶሮውን ወደደው፤ የኔንም ድርሻ ሰጠሁት። መርዕድ መድረክ ላይ ወጥቶ ካሜራው ፊት ጉሮሮውን ጠራረገ። መናኙ መጣ። ዘንድሮ መናኙ ፋኖስ ይዟል። «መስኮቱ» አለ መርዕድ፣ «መስኮቱ በራእይ የተገለጠልኝ ነው።» ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰዓቴን አየሁ፤ አሥር ተኩል።

«አሁን ደግሞ» አለ፣ «ዘፈኑ የኔ ነው የምትል የጥንት ባልደረባችን አለች። እንስማት።»

ወጣሁ። ሳሎንጎ ቴፑን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ፣ ማይክሮፎኑን አስጠጋ። ፌስታሉን ስፈታ፣ አንዱን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ ሰው መሳቅ ጀመረ። ካሴቷን ከተትኩ። ሳሎንጎ ማጫወቻውን ተጫነው። ከበሮ፦ ድም… ድም… ድም። ቀጥሎ አንድ ወፍራም፣ የተጎተተ የወንድ ድምፅ፦

«ይህ… የኔ… ዘፈን… ነው…»

ግቢው በጭብጨባ ተናጋ። «ጋሽ መርዕድ ናቸው! የሳቸው ድምፅ ነው!» አለች የኮሚቴዋ ጸሐፊ። መርዕድ ራሱ ግራ ገብቶት ደረቱን ይዟል። ጉዴ ፈላ! ስንት ዓመት ከጎርፍ ያወጣሁት ማስረጃ ለሱ ሊመሰክር ነው!

«ሳሎንጎ! ምንድነው?»

«ላስቲኩ ላልቶ ነው» አለና ክዳኑን ከፍቶ በጣቱ መንኮራኩሩን ገፋ አደረገው። ድምፁ ቀጠነ፣ ቀጠነ፣ ሴት ሆነ፣ እኔን ሆነ፦ «…በሩን ክፈቱልኝ ይባላል።» በሩን! ሁሉም ሰማ። ወደ መርዕድ ዞርኩ። ያን ያህል ዓመት የጠበቅኳትን ዓይነት ፊት አየሁበት። ደስታዬ ግን አንድ መስመር እንኳ አልቆየም። ቴፑ ቀጭ አለ። ዘፈኑ ጠፋ። ሌላ ድምፅ መጣ።

«ሄሎ… ይሠራል? ቀዩን ነው የምጫነው? እሺ። ልጄ፣ እንደምን አለሽ?»

እናቴ ናት።

«ያልሽኝን ካሴት አገኘኋት። ሰው ካሴት ሲልክ ቃል ሳይጨምርበት አይልክም፤ ነውር ነው። ከጩኸታችሁ ላይ ትንሽ ይጠፋል አሉኝ። ግድ የለም፤ ጩኸቱ ብዙ ነው።»

ሰው ሳቀ። እኔ ጠረጴዛውን ያዝኩ።

«በዚያ ዘፈን ከመርዕድ ጋር እንደተጣላችሁ ሰማሁ። የኔ ነው የኔ ነው ስትባባሉ እኔን የጠየቀኝ የለም። ያን ቀን ንፍሮ ቀቅዬ፣ በሁለት እጄ ሰፌድ ይዤ መጣሁላችሁ። በእግሬ ሦስት ጊዜ በሩን መታሁ። በሩን ክፈቱልኝ፣ ብርዱ በረታ፣ እጄ ሙሉ ነው አልኩ። የሚከፍት ጠፋ። በኋላ በመስኮት ተቀበላችሁኝና መስኮቱን ዘጋችሁት። አልተቀየምኩም። ከዚያ በራዲዮ ስሰማው፣ ለካ ሰምተውኛል አልኩ። ሰምተውኝ ነው ያልከፈቱት።»

ቄሱ ጭምብላቸውን አወለቁ። ሳሎንጎ አማርኛ አያውቅም፤ ግን ጣቱን ከመንኮራኩሩ ላይ አላነሳም።

«ይህን ስትሰሚ ምን እንደምትዪ በካሴት መልሺልኝ። በስልክ አይሁን፤ በስልክ ሰው ይቸኩላል። ደግሞ ልጄ፣ የበሩ እንጨት ስንጥቅ እንዳለው ታውቂያለሽ። በሩን ተደግፎ የቆመውን ሰው በስንጥቁ አይቼዋለሁ። እሱም…»

ቴፑ ጎረሰ። እንዲያ ያለ አጎራረስ አይቼ አላውቅም። ሳሎንጎ ሲነቅለው ክሩ ተጨማዶ ወጣ፣ ተበጠሰ፣ ሁለት ክንድ ያህሉ እንደ ጎመን ተከትፎ ቀረ።

የኮሚቴዋ ጸሐፊ፣ ዕድሜ አይስጣትና፣ ማይክሮፎኑን ይዛ «ማን ነበር ታዲያ በሩን ተደግፎ የነበረው?» አለች።

መርዕድን አየሁት። አየኝ። ያውቃል። አራት ወንበር እንደነበረ፣ ማን እንደቆመ ያውቃል። መስኮቱንም የከፈተው እሱ ነው፤ ለሳንሱሩ ሰውዬ «መስኮት» ያለው ለምን እንደነበር ገና ያኔ ገባኝ። አሁን በካሜራ ፊት ሊጨርሰኝ አንድ ቃል ይበቃዋል። በሱ ቦታ ብሆን እላት ነበር።

«እኔ ነበርኩ» አለ መርዕድ። «በሩ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። እማማ ጥሩነሽ ይቅር ይበሉኝ። ዘፈኑም የሳቸው ነው።»

አሥራ አንድ ሰዓት አለፈ፤ ሰው እያለቀሰም ቢሆን ቦዳ ለመያዝ ተሯሯጠ። መርዕድ እስከ በሩ ሸኘኝ። «ወንበር ልንሰጥሽ ይገባ ነበር» አለኝ ቀስ ብሎ። «አሁን ነው የምታስታውሰው?» አልኩት።

ቪዲዮው ወጥቷል። መናኙ ቀርቷል፤ በምትኩ ንፍሮ ገብቷል። ሰዎች ደግሞ መርዕድ በአደባባይ በመናዘዙ ያደንቁታል፤ «እንዴት ያለ ትሑት ሰው ነው!» ይላሉ። ሱቅ ስሄድ እሰማዋለሁ፣ ታክሲ ውስጥ እሰማዋለሁ፣ ደሜ ይፈላል።

ዘፈኑ የእናቴ ነው፤ በዚህ አልከራከርም። መስኮቱ የመርዕድ ይሁን፤ ከፍቶታል። መልሱን በካሴት ነበር የጠየቀችኝ፤ ሳሎንጎ ካትዌን ሁሉ ዞሮ ባዶ ካሴት ስላጣልኝ በወረቀት አድርጌዋለሁ። መርዕድ ስሜን ከሽፋኑ ሲያስቀር አጉረምርሜ አልፌው ነበር። ይህችኛዋን ጥፋት ግን አልሰጠውም። ሦስቱንም ምት በጀርባዬ ሰምቻቸዋለሁ። በሩን ተደግፌ የቆምኩት እኔ ነኝ።